የማታውቁት የትራፊክ ቅጣት ሲገኝባችሁ፦ የድሬ ጉዳይ አስፈጻሚዎች ለየትኛው ሥራ ይከፈላቸው?

ቦሎ ሊወጣ፣ መንጃ ፈቃድ ሊታደስ ወይም ስም ሊዛወር ተሂዶ ከመስኮቱ «ቅጣት አለ» ሲባል፣ በር ላይ የቆሙት ጉዳይ አስፈጻሚዎች ነገሩን ከባለጉዳዩ ፊት ያነቡታል። «አቦ፣ ዛሬውኑ እጨርስልሃለሁ!» ይላሉ። አንዳንዴ ገንዘቡ ይገባቸዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይገባቸውም።

ዋጋ ከመነጋገር በፊት መስኮቱ ላይ ይጠየቅ፦ ዕዳው የተያዘው በሰሌዳ ነው ወይስ በመንጃ ፈቃድ ቁጥር? በሰሌዳ ከሆነ ያመጣው የቀድሞው ባለቤት ወይም ባጃጁን በገቢ የያዘ ሾፌር ሊሆን ይችላል። በመንጃ ፈቃድ ከሆነ ግን ነገሩ ከብር ያልፋል። የትራፊክ ደንቡ ከገንዘቡ ሌላ የጥፋት ሪከርድም ስለሚያስይዝ፣ «ትንሽ ብር ናት፣ ከፍዬ ልገላገል» ያለ ሰው የሌላውን ጥፋት በራሱ ፋይል ያስገባል። ጉዳይ አስፈጻሚው ይህን አይናገርም፤ ቶሎ ከተከፈለ ቶሎ ድርሻውን ይቀበላል።

ቀጥሎ የክሱ ወረቀት ቅጂ ይጠየቅ። ስህተቱ የሚበዛው እዚህ ነው። ኮዱና ቁጥሩ አንድ ሆኖ አንዱ «ድሬ» ሌላው «አአ» ከሆነ ሁለት መኪና ነው፤ መዝጋቢው ክልሉን ከሳተ ጎማችሁ ባልረገጠው ከተማ ትቀጣላችሁ። በካርቦን የተገለበጠ ወረቀት ላይ 1 እና 7፣ 3 እና 8 አይለዩም። ስምም ያው ነው፦ ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሐይሉ ለኮምፒውተር ሦስት ሰዎች ናቸው። «ምንም የለም» ከተባለም በሌላኛው ፊደል አስፈልጉ፤ አለዚያ በሚቀጥለው ዓመት ብቅ ይላል።

መኪናው የተገዛ ከሆነ የክሱ ቀን ከሽያጭ ውሉ ቀን ጋር ይመሳከር። ክሱ በእኛ አቆጣጠር፣ የኢንሹራንሱ ወረቀት ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ስለሚጻፍ ሰው ይምታታበታል። ታኅሣሥ 12 ቀን 2014 የተጻፈ ክስ በፈረንጅ ዲሴምበር 21 ቀን 2021 ነው። ውሉ ከዚያ በኋላ ከተፈረመ ክርክራችሁ ቀላል ነው።

በመሥሪያ ቤቱ አካባቢ ካለው አገልግሎት ሁሉ የሚከፈለው ገንዘብ የሚገባው ማመልከቻ ጸሐፊው ነው። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ሰሌዳ፣ የክስ ቁጥር፣ ቀን፣ ምን እንዲጣራ እንደተፈለገ፣ የተያያዙት ሰነዶች ዝርዝር (የሊብሬ፣ የውልና የመታወቂያ ቅጂ)። ጸሐፊዎቹ ከልማድ «ይቅርታ እንዲደረግልኝ» የምትል ሐረግ ይጨምራሉ። አስወጧት። ይቅርታ የሚጠይቅ ያጠፋ ሰው ነው፤ ያላጠፋ «እንዲጣራልኝ» ይላል። ስታስገቡ በራሳችሁ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉ።

ጉዳይ አስፈጻሚ የሚያስፈልገው ክሱ አዲስ አበባ ወይም ሌላ ሩቅ ከተማ ሲሆን ነው። ሐረር ከሆነ በጠዋት ደንገጎን ወጥቶ በራስ መጨረስ ይሻላል። ለሩቁ ውክልና ስትሰጡ «ለዚህ ቅጣት ጉዳይ ብቻ» ይባል። «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚል የተለመደ ቅጽ ለቅጣት አይፈረምም፤ በእሱ መኪናው ራሱ ሊሸጥ ይችላል። ዋና ሊብሬና መንጃ ፈቃድም ለማንም አይሰጥም፣ ቅጂ ይበቃል። ጉዳይ አስፈጻሚው «ሁሉንም ጨምሮ ይህን ያህል» ካላችሁ፣ የቅጣቱን ልክ ከመስኮቱ ሰምታችሁ የድካሙን ለብቻው ተነጋገሩ።

ሲከፈል ደረሰኙ ላይ የክሱ ቁጥር መኖሩ ይታይ። በእስክሪብቶ የተጻፈ «ተከፍሏል» ደረሰኝ አይደለም። ከዚያ ወደ መስኮቱ ተመልሶ ዕዳው ከኮምፒውተሩ መሰረዙን ማረጋገጥ ግድ ነው፤ ገንዘብ ቤቱና መዝገብ ቤቱ ሁልጊዜ አይነጋገሩም። ማኅተምና የደብዳቤ ቁጥር ያለው የዕዳ ነጻ ወረቀትም ጠይቁ።

የማሽን ደረሰኝ ከሆነ ዕለቱኑ ፎቶ ኮፒ ይነሳ። ዳሽቦርድ ላይ ከተተወ በድሬ ፀሐይ ቀለሙ ይጠፋና ነጭ ወረቀት ይሆናል።