አንድ የባሕር ዳር የመብሳት ቤት፦ እጁ ይመሰገናል፣ ጌጡ ይጠየቃል

ባሕር ዳር ውስጥ አፍንጫውን ወይም የጆሮውን ጠርዝ መበሳት የሚፈልግ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ጸጉር ቤት ነው። እዚያ የሚጠብቀው በሽጉጥ መልክ የተሠራ መሣሪያ ጌጡን በኃይል ገፍቶ በሥጋው ውስጥ ያሳልፋል፤ አካሉ ፕላስቲክ በመሆኑ በእንፋሎት ሙቀት ሊጸዳ ስለማይችል ከአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው የሚሻገረው በአልኮል ተወልውሎ ብቻ ነው። እዚህ የምገመግመው ቤት ይህን ሽጉጥ ጨርሶ አይጠቀምም፤ ይህ ብቻውን ከብዙዎቹ ይለየዋል። ቤቱ ከታቱ ጋር የመብሳት ሥራ ይሠራል፣ በአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ጠባብ ክፍሎች አሉት። የምነቅፍበትም ነገር ስላለኝ ስሙን አልጽፍም።

የሄድሁት የእህቴን ልጅ ይዤ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ አፍንጫዋንና የግራ ጆሮዋን የላይኛ ጠርዝ መበሳት ፈልጋለች። ባለሙያው ወጣት ነው። መርፌ ከማንሣቱ በፊት መታወቂያዋን አየ፤ የሚያሳክካት ብረት እንዳለ፣ የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ፣ ስትቆስል ደሟ ቶሎ ይቆም እንደሆነ ጠየቃት፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ «እትዬ፣ እርስዎስ ቁስል ሲድን ጠባሳው ያብጥብዎታል? በዘር የሚሄድ ነገር ስለሆነ ነው የምጠይቅዎ» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ኬሎይድ የሚባለው፣ ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድገው ጠባሳ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል፣ ጆሮም በብዛት ከሚወጣባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ይህን የሚጠይቅ ጸጉር ቤት እኔ አላጋጠመኝም።

አሠራሩን አጠገቡ ቆሜ ተመለከትሁ። እጁን በሳሙና ታጥቦ ጓንት ካጠለቀ በኋላ አንድ ወገኗ ወረቀት፣ ሌላው ወገኗ ግልጽ ፕላስቲክ የሆነች የታሸገች ከረጢት አወጣና ከመቅደዱ በፊት ጠርዟ ላይ ያለችውን የቀለም ምልክት አሳያት። ከረጢቷ አውቶክሌቭ በተባለው ማሽን ውስጥ ከፍተኛ የእንፋሎት ሙቀት ሲያገኛት ምልክቷ ይጠቁራል። የቀለሙ መለወጥ ከረጢቷ በማሽኑ ማለፏን ይናገራል እንጂ ማሽኑ በትክክል መሥራቱን ለብቻው አያረጋግጥም፤ ቢሆንም ሳይጠየቅ ማሳየቱን ወድጄለታለሁ። ከዚያ በአፍንጫዋ ላይ ነጥብ አደረገና መስታወት ሰጣት፤ ነጥቡ ወደ ታች ወርዷል ስትለው ያለ ምንም ማጉረምረም ጠርጎ ሌላ አደረገላት። መርፌው ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሥጋውን እየቀደደ ሳይሆን በስለቱ ቆርጦ ያልፋል። «በረጅሙ ሳቢ፣ አሁን ቀስ ብለሽ አስወጪው» አላት፤ ትንፋሿ ወጥቶ ሳያልቅ መርፌው አልፎ ነበር። በዚያው ወገን ያለው ዓይኗ አነባ፣ ይህም አፍንጫ ሲበሳ በማንም ላይ የሚደርስ ነው። መርፌውን ወደ ቢጫው ሴፍቲ ቦክስ ጣለ፣ ጓንቱን ቀየረ፣ ለጆሮዋ ደግሞ አዲስ ከረጢት ቀደደ። ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ኤች አይ ቪም በመርፌ ሊተላለፉ እንደሚችሉ እያወቀ ልጁን ወይም እህቱን ይዞ የሚሄድ ሰው ከሁሉ በላይ ማየት ያለበት ይህንን ነው።

ቤቱ ግን ራሱን እንደ ተራ ጌጥ ማስገቢያ አያይም። በመቀበያው ክፍል ዕጣን ይጨሳል፣ ግድግዳው ላይም ጉንጫቸውንና ምላሳቸውን በቀጭን ጦር የወጉ፣ መነሻቸው ደቡብ ሕንድ የሆነ የታሚል ሂንዱ ምእመናን ትልልቅ ፎቶግራፎች ተሰቅለዋል። ባለሙያው መብሳትን እንደ ጸሎት ይቆጥረዋል፤ ሐሳቡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ ከተጀመረው እንቅስቃሴ ነው። ጂም ዋርድ ጋውንትሌት የተባለውን የመብሳት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1975 እዚያ መሠረተ፤ ፋኪር ሙሳፋር ብሎ ራሱን የሰየመውና እ.ኤ.አ. በ2018 ያረፈው ሰው ደግሞ የሂንዱዎችንና የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ሥርዓት በገዛ ሥጋው ላይ እየሞከረ ለብዙዎች አርአያ ሆነ። በዚህ ላይ ቅሬታ አልጠፋም፤ ከእነዚሁ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የላኮታ ሕዝብ ተወካዮች እ.ኤ.አ. በ1993 መንፈሳዊ ሥርዓታቸውን የሚያስመስሉና የሚነግዱበትን ሰዎች በይፋ አውግዘዋል። ለእኔም ፎቶግራፎቹ ጎደሎ ናቸው። ታሚሎቹ በታይፑሳም በዓል የሚያከናውኑት፣ ካቫዲ የሚባለው ሥርዓት ለሂንዱ አምላክ ለሙሩጋን የሚገባ ስለት ነው፤ አስቀድሞ ይጾማል፣ ከሥጋ ይታቀባል፣ ቤተሰብና ጎረቤት ተከትሎ ያጅባል። በጣና ደሴቶች ላሉት ገዳማት ስለት የሚያደርስ ሰው ይህን ያለ አስረጂ ይረዳዋል። ግድግዳው ላይ የሚታየው ግን ጦሩ ብቻ ነው።

ስለ መንፈሳዊነቱ ቤቱን የማመሰግነው በሌላ ነገር ነው። የእህቴ ልጅ መበሳቱን የወሰነችው የአባቷ ሙት ዓመት ካለፈ በኋላ ነበር። መጀመሪያ በሄድንበት ቀን ባለሙያው ምክንያቷን ጠይቆ ሲረዳ መሣሪያውን ወደ ጎን አድርጎ፣ ሐዘን ላይ ያለን ሰው በመጣበት ቀን እንደማይበሳ፣ ሐሳቧ ካልተለወጠ በሌላ ቀን እንድትመለስ ነገራት፤ ገንዘብም አልተቀበለም። ከላይ የተረክሁት መብሳት የተከናወነው በሌላ ቀን ስንመለስ ነው፤ ያን ጊዜም ዝምታዋን አላቋረጠም፣ ስለ ነፍስም አልሰበከባትም። እናቴ ግን ነገሩን ስትሰማ ኦሪት ዘሌዋውያን ስለ ሙት ሥጋን መቁረጥ ይከለክላል ብላ ተቆጣች፤ ልጅቷም «እማማ፣ ርብቃስ አፍንጫዋ ላይ የወርቅ ቀለበት አልተደረገላትም?» አለቻት። እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው፣ የእናቴ አንገት በጥላሸትና በቅጠል ጭማቂ የተነቀሰ መሆኑን ነው። ያ ንቅሳት ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ተርታ ተመድቦ ሲወገዝ ኖሯል፤ በአንድ መርፌ ብዙ ሴት ይነቀስ ስለነበረም ውግዘቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ዛሬ የልጅ ልጆቿ ለዚያው ነገር ታቱ ቤት ገብተው ይከፍላሉ።

ወደ ነቀፌታዬ ልምጣ። ባለሙያው ያስገባላት ጌጥ «ሰርጂካል ስቲል» የሚባለው ብረት ነው፤ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ስጠይቀው ሊነግረኝ አልቻለም። በዚህ ስም ከሚሸጡት ውስጥ ጥሩ የሚባለው 316ኤል የተባለው ዓይነት እንኳ ኒኬል የሚባል ብረት አለበት፤ ኒኬል የሚያሳክከው ሰው ደግሞ ትኩስ ቁስሉ ውስጥ ሊያስገባው አይገባም። በሕክምና ሰውነት ውስጥ ለሚተከል ነገር የሚውለው ቲታኒየም የተባለ ብረት መደርደሪያው ላይ ነበረ፣ ግን እስክጠይቅ ድረስ አልተነገረንም። ለጆሮዋም ቀጥ ያለ ዘንግ በማድረግ ፈንታ ስለሚያምር ብሎ ቀለበት አደረገላት። ቀለበት በቁስሉ ውስጥ ይንቀሳቀሳል፣ ስለዚህ መዳኑን ያዘገያል። እንደ ፈራሁትም ጆሮዋ ቀላ፣ አሳከካት፤ ተመልሰን ወደ ቲታኒየም ዘንግ ሲቀይርላት የጌጡን ሙሉ ዋጋ አስከፈለን። እጁ ይህን ያህል የተካነ ሰው በዚህ ላይ መቆጠቡ አሳዝኖኛል።

የሚሰጠው የእንክብካቤ ወረቀትም ከውጭ አገር የተቀዳ እንደሆነ ያስታውቃል። ቁስሉን በ0.9 በመቶ የጨው ውሃ እጠቡ፣ አልኮል አትጠቀሙ፣ ጌጡን አታሽከርክሩ ማለቱ ትክክል ነው፤ ሁሉም በስድስት ሳምንት ይድናል ማለቱ ግን የሚሠራው ለታችኛው ለስላሳ የጆሮ ክፍል ነው። አፍንጫ ከአራት እስከ ስድስት ወር፣ የጆሮ የላይኛው ጠርዝ ደግሞ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይፈልጋል። ከዋና ገንዳ ራቁ ይላል፣ ጣናን ግን አያነሣም፤ ያልዳነ ቁስል ይዞ ቢልሃርዚያ ያለበት ሐይቅ ውስጥ መግባት ከገንዳው የባሰ ነው። የነጠላ ጥለት አፍንጫ ላይ ያለውን ጌጥ እንደሚይዝ፣ ሹሩባ ሲሠራ ጆሮ እንደሚጎተት፣ ራስ ላይ የተደረገ ቅቤ ፀሐይ ሲነካው ቀልጦ ቁስሉ ላይ እንደሚወርድ የሚናገር አንድም መስመር የለበትም።

ለአፍንጫ 1,200፣ ለጆሮ ጠርዝ 1,500 ብር ከፍለናል፤ የቲታኒየሙ ዋጋ ለብቻው ነው። ይህ ከጸጉር ቤቱ ዋጋ ይበልጣል፣ ለከረጢቱና ለመርፌው ግን አልተወደደብኝም። የሚሄድ ሰው ቲታኒየም ቀጥ ያለ ዘንግ እንደሚፈልግ ገና ሲገባ ይናገር፣ ዋጋውንም አስቀድሞ ይስማማ። በበዓል ሰሞን ወረፋ ይበዛል፣ በጥር መጀመሪያም ቀጠሮ ማግኘት ከባድ ነው፤ ለጥምቀት በሹሩባና በአፍንጫ ጌጥ መታየት የምታስብ ልጅ መስከረም ላይ ብትበሳ ይሻላታል።