ባለ 4 ፒስተን ወይስ ቪ8? ለጎርጎራ ያገለገለ ጀልባ ለምትፈልጉ

ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ ሪዞርቱ ከተሠራ ወዲህ ጎንደር ውስጥ ጀልባ ያላማረው ነጋዴ የለም። ሚኒባሱን የሸጠው፣ እቁብ የደረሰው፣ አሜሪካ ወንድም ያለው፣ ሁሉም ደውሎ የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው፦ «ዱባይ አንዲት ጀልባ አይቻለሁ፣ ሞተሯ ቪ8 ነው፣ ዋጋዋ ረክሷል፣ ልያዛት?» መልሴ አንድ ስለሆነ ጽፌው ልገላገል። አትያዛት። ባለ 4 ፒስተኗን ፈልግ።

የምናወራው ሞተሩ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ፣ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው እግር ግን በስተኋላዋ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ስለሚወርድበት ዓይነት ነው። ሰው ፎቶ እያመጣ ከሚያሳየኝ ውስጥ ሁለቱ ይበዛሉ። አንዱ ባለ 4 ፒስተኑ መርክሩዘር 3.0 ሊትር ከአልፋ ዋን እግር ጋር ነው። ሌላው ባለ 8 ፒስተኑ ቮልቮ ፔንታ 5.7 ሊትር ቪ8 ነው፤ እግሩ ዱኦፕሮፕ ይባላል፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ሁለት ፕሮፔለሮች አሉት። ለዓሣ አስጋሪ ከኋላ የሚንጠለጠል ያማሃ 40 ሞተር ይበቃዋል፣ ክርክር የለኝም። እኔ የምጽፈው ጥላ ያላት፣ ቤተሰብ የምታስቀምጥ፣ የማንዳባንና የብርጊዳን ገዳማት አስጎብኝታ የምትመለስ ጀልባ ለሚፈልግ ነው።

ከዋጋ ልጀምር፤ እናንተም የምትጀምሩት ከዚያ ነውና። ውጭ አገር 5 ሜትር ተኩል ገደማ የምትሆን፣ ዕድሜዋ 20 ዓመት ያለፈ ባለ 3.0 ጀልባ ከ4 እስከ 8 ሺህ ዶላር ትጠየቅባታለች። ሰውን የሚያሳስተው ያረጀ ባለ ቪ8ም እዚያው ዋጋ ላይ መገኘቱ ነው። «በአንድ ዋጋ ትልቁን ብወስድ ምን አለበት?» ይላል። እዚያ ያለው ባለቤት በርካሽ የሚለቀው ቸር ስለሆነ አይደለም፤ ቤንዚኑና ጥገናው አማሮት ነው። በዚያ ላይ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ከ57 ብር የተነሳው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ጀልባዋን አንዴ ትገዟታላችሁ፤ ዕቃዋን ግን በየዓመቱ በዶላር ትገዛላችሁ። ጭነቱ፣ ቀረጡ፣ የጂቡቲ ወደብ ወጪውም አለ። 5 ሜትር ተኩሏን አይሱዙ ይሸከማታል፤ 7 ሜትሯ ግን ሌላ መኪናና ሌላ ዋጋ ትፈልጋለች።

አሁን ቤንዚን። ባለ 4ቱ በመካከለኛ ፍጥነት በሰዓት 20 ሊትር ገደማ ይጠጣል፣ ቪ8ቱ 40 ገደማ። ቪ8ቱን እስከ መጨረሻው ከረገጣችሁት 75 ሊትርም ያልፋል። ቤንዚን በማደያ ዋጋ እንኳ በሊትር 100 ብር ካለፈ ቆይቷል። ሒሳቡን ለማቅለል በ100 ያዙት፤ አንዱ በሰዓት 2,000 ብር፣ ሌላው 4,000 ብር ነው። ቀን 3 ሰዓት ብትሠሩ ልዩነቱ 6,000 ብር። ማደያው ደርቆ ከጀሪካን ቸርቻሪ የገዛችሁ ዕለት ደግሞ ይህን ሒሳብ ባትሠሩት ይሻላል። ጎብኚው ቪ8 ስለሆነ ጨምሮ አይከፍላችሁም፤ ሞተሩን እንኳ አያየውም።

«ጣና ከፍታ ቦታ ነው፣ ጉልበት ያስፈልጋል» የሚለኝ አለ። እውነት ነው፣ ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 135 የፈረስ ጉልበት የተባለው 3.0 ጎርጎራ ላይ 110 ገደማ ይቀረዋል። መፍትሔው ግን ቪ8 አይደለም፤ ፕሮፔለር መቀየር ነው። ይህ ሞተር እስከ መጨረሻው ሲረገጥ በደቂቃ ከ4,400 እስከ 4,800 ዙር መድረስ አለበት። 4,000 ላይ ከቆመባችሁ ፕሮፔለሩ ለእኛ ከፍታ ከባድ ነው ማለት ነው፤ ፒቹ (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት) በአንድ ኢንች ሲቀንስ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል። ካርቡራተሩም ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ስለሆነ እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ዤቱን፣ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ፣ አንድ ቁጥር ዝቅ ማድረግ ነው። አዘዞ ላይ የድሮ ካርቡራተር የሚያውቅ መካኒክ ሞልቷል።

አንድ ነገር ግን አልክድም። 8 እና 10 ሰው ልጫን ካላችሁ 3.0ው ያቃስታል፤ አፍንጫዋ ወደ ላይ ቀርቶ ውሃ ስትገፋ ትውላለች። እንደዚያ ከሆነ 4.3 ሊትሩን ቪ6 ፈልጉ፤ አልፋ ዋን እግር ያለው አለ፣ ስለዚህ የእግሩ ዕቃ ያው ነው። ከዚያ በላይ አትውጡ።

ወደ ጥገናው ስንመጣ ነው እኔና ቪ8 የምንጣላው። ቮልቮው መጥፎ ሥራ ነው አላልኩም፤ ቀጥ ብሎ በመሄድና ማዕበል በመቁረጥ ዱኦፕሮፕን የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የውሃ ፓምፑም በብዙዎቹ ላይ ከሞተሩ ፊት ስለሆነ ውሃውን የሚገፋውን ጎማ ክንፍ ጀልባ ላይ ቆማችሁ ትቀይራላችሁ። አልፋው ላይ ግን ፓምፑ እግሩ ውስጥ ነው፤ የእግሩን የታችኛውን ክፍል ፈታችሁ ማውረድ አለባችሁ። ይህን የአልፋ ድካም ሰው ሳይነግራችሁ እወቁት። የመጌጭ ጭቃ ክረምት ላይ ሐይቁን ሲያደፈርሰው ያ ጎማ ክንፍ ቶሎ ያልቃል፤ እምቦጭ ያለበት ዳር ከገባችሁ ደግሞ የውሃ መሳቢያው ቀዳዳ ይደፈንና ሞተሩ ይግላል።

ታዲያ ለምን አልፋ? 3.0ው የጂኤም ብረት ነው፤ 4 ካንዴላ፣ አንድ ካርቡራተር፣ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍት የሚያዞረው በጥርስ እንጂ በሰንሰለትም በቺንጋም አይደለም። የጎንደር መካኒክ ከፍቶ ሲያየው አይደነግጥም። አዲሱ ቪ8 ኢንጀክሽን ነው፣ ቤንዚኑን የሚረጨው በኮምፒዩተር ነው፤ አንድ ሴንሰር ሲሞት ኮምፒዩተሩን የሚያነብ መሣሪያ ያለው ሰው ፍለጋ አዲስ አበባ ትደውላላችሁ፣ እሱም «አምጡት» ይላችኋል። ጀልባ ይዞ 700 ኪሎ ሜትር!

የፕሮፔለሩ ነገር ይብሳል። ጣና ላይ ያ ቀጭን የናይለን መረብ በየቦታው ተጥሏል። ፕሮፔለር ሲይዘው ክሩ ከኋላው ገብቶ በዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፣ ዘይቱን የሚዘጋውን ጎማ፣ ፓራኦሊዮውን፣ ይቆርጠዋል፣ ውሃ ወደ ማርሽ ዘይቱ ይገባል። ሳታውቁ ከቀጠላችሁ ማርሹ ያልቃል። አልፋው አንድ ፕሮፔለር፣ አንድ ዘንግ አለው። ዱኦፕሮፑ ሁለት ፕሮፔለር፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚዞር ዘንግ፣ በዚያው ልክ ተጨማሪ ፓራኦሊዮና ኩሽኔታ። ድንጋይ ብትመቱ የምትገዙት ፕሮፔለር በጥንድ ነው።

ዕቃ ላይ ፎርጅድ አለ፣ ፎርጅዱም ዓይነት አለው። ለአልፋው ሌላ ፋብሪካ የሚሠራው ሙሉ እግር ከኦርጅናሉ በግማሽ ገደማ ዋጋ ይገኛል፣ ይሠራል። ችግሩ ትንንሹ ዕቃ ላይ ነው። ኢምፔለር የተባለውን የፓምፕ ጎማ ክንፍ በኦርጅናል ካርቶን አሽገው የሚሸጡት አሉ፤ ክንፉን በጣታችሁ አጥፋችሁ ስትለቁት ወዲያው ካልተመለሰ ተዉት፣ እጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ካወጣም እንዲሁ። ኦርጅናሉ ከነኪቱ ከ30 እስከ 60 ዶላር ነው። በዚህ ላይ 20 ዶላር አተርፋለሁ ብሎ ሞተር ያጋለ አውቃለሁ።

ከፎርጅድ የሚከፋው የመኪና ዕቃ ነው። ሞተሩ የጂኤም ስለሆነ የመኪና ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ) እና ዲናሞ ይገጥማል፤ ሻጩም «ያው ነው» ይላችኋል። ያው አይደለም። የጀልባው ብልጭታው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተደርጎ የተሸፈነ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ይተኛል፤ የመኪና ሞተሪኖ አንድ ብልጭታ ካወጣ ከነተሳፋሪው ነው። ሞተር ከመነሳቱ በፊት ማናፈሻውን 4 ደቂቃ ማስነሳትም ለዚሁ ነው። ያገለገለ ጀልባ ስታዩ መጀመሪያ ሞተሪኖውን እዩ፤ የመኪና ከሆነ ሌላውም ዕቃ በዚያው ልብ የተገጠመ ነው።

አንድ ወዳጄ ከደላላ የገዛትን ልንገራችሁ። አዘዞ ጋራዥ ውስጥ፣ ደረቅ መሬት ላይ፣ ያለ ውሃ አስነስተው «ድምፁን ስማ» አሉት። ድምፁ እውነትም ያምራል፤ ነገር ግን ጎማ ክንፉ ያለ ውሃ በደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል። ያ አንሶ፣ እግሩ ከጀልባዋ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የሞተሩን ዙር ወደ እግሩ የሚያስተላልፈውን ክሮቼራ የሚሸፍን የተሸበሸበ ጎማ አለ፣ ጋራዥ ውስጥ ኩፍያ የሚሉት። የእሱ እጥፋቱ ላይ ተሰንጥቆ ነበር፤ ማንም ጎንበስ ብሎ አላየውም። ክረምቱን ጎርጎራ ውሃ ላይ ታስራ ከረመች። አንድ ጠዋት ጠባቂው ሲመጣ ከውሃው በላይ የቀረው አፍንጫዋ ብቻ ነበር። የኩፍያው ኪት ከ100 እስከ 200 ዶላር ነው። ሞተሩን ለማድረቅ፣ ሞተሪኖና ዲናሞ ለመቀየር፣ ኩሽኔታውን ለማውጣት የወጣው ግን ጀልባ ያስገዛ ነበር። ኩፍያ ያረጃል፣ የሞተሩ ምርት ስም አያድነውም። ጀልባዋን ስታቆሙ እግሩን ወደ ታች አድርጋችሁ ተዉት፤ ወደ ላይ ተነስቶ ከከረመ ጎማው በተለጠጠበት ይሰነጠቃል።

ስለዚህ ለማየት ስትሄዱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፤ ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ የሆነ ነገር አለ። የእግሩን የታችኛውን የዘይት ብሎን ትንሽ ላላ አድርጉት። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ጀልባዋ ቆማ ካደረች መጀመሪያ የሚንጠባጠበው እሱ ነው፤ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ዋጋ አትከራከሩ፣ ተመለሱ። መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው ዙሩና ስሙ፤ ከኋላ የሚያጉረመርም ካለ ኩሽኔታው አልቋል። ከዜሮ ወደ ማርሽ፣ ከማርሽ ወደ ዜሮ ደጋግሙ። አልፋው ወደ ዜሮ ሲመለስ የሚጠፋ ከሆነ የማርሹ ካቦ ደርቋል፤ ርካሽ ነገር ነው፣ ግን ወደብ ስትጠጉ ነው የሚጠፋባችሁ። እግሩ የታሰረበትን የኋላ ግድግዳ በመዶሻ እጀታ አንኳኩ፤ ድፍን ድምፅ መስጠት አለበት። ውስጡ እንጨት ነው፤ ከበሰበሰ ሞተሩ ምንም ቢሆን ጀልባዋ አትሆንም።

ከዱባይ የምትመጣው ጨው የበላት ናት። በባሕር ውሃ በቀጥታ የሚቀዘቅዝ ሞተር የጭስ ማኒፎልዱ ከ5 እስከ 7 ዓመት ነው የሚቆየው፤ በጣና ጣፋጭ ውሃ ግን ብዙ እጥፍ ይቆያል። ከአሜሪካ ሐይቅ የመጣችው ከዚህ ትተርፋለች፤ የእሷ ጣጣ ብርዱ ነው። ውሃው ሳይደፋ ክረምቱን ከቆየ በረዶ ሆኖ የሞተሩን ዋና ብረት፣ ሞኖብሎኩን፣ ይሰነጥቀዋል፤ በማጣበቂያ ሞልተው ቀለም ይቀቡታል። ከሞተሩ ጎን አንዱ ብቻ አዲስ ቀለም ካበራ በጥፍራችሁ ፈልጉት። እግሩ ላይ ኦኤምሲ ኮብራ የሚል ካያችሁ ደግሞ እለፉት፤ ፋብሪካው በ2000 እ.ኤ.አ. ከስሯል፣ ዕቃው በልመና ነው።

ጨው የነካትን መግዛታችሁ ካልቀረ ከተጠየቀው ዋጋ ላይ ማኒፎልዱንና ኩፍያውን ቀንሳችሁ ጀምሩ። ለ4.3ቱ ማኒፎልድ ከነክርኑ (ከጭስ መታጠፊያው ጋር) በጥንድ 1,000 ዶላር ገደማ ነው፤ ለ3.0ው አንድ ብቻ ስለሆነ ግማሹን ያዙ። ቪ8ቱ ሁለት ነው፣ ዋጋውም ወደ ላይ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ሁለት የኢምፔለር ኪት፣ አንድ ኩፍያ፣ የፕሮፔለር ፓራኦሊዮ፣ የማርሽ ካቦ አስመጡ፤ ሁሉም ከልብስ መሃል ይገባል። ማኒፎልዱን ግን በጭነት ላኩት፤ ብረት ስለሆነ የአንድ ሻንጣ ኪሎ ብቻውን ይጨርሳል፣ ዘመዳችሁም ሁለተኛ ስልካችሁን አያነሳም።