የሐዋሳን ሐይቅ ለመሳል፦ የዘይት ቀለም ወይስ አክሪሊክ?

ሐዋሳ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለተቀመጠች ፀሐይ የምትጠልቀው ከውሃው ማዶ ነው። ያንን ሰዓት ሸራ ላይ ለማስቀረት የሚነሳ ሰው ቀለም ከመግዛቱ በፊት መወሰን ያለበት ነገር አለ፤ የዘይት ቀለም ወይስ በውሃ የሚቀጥነው ፕላስቲክ ቀለም፣ አክሪሊክ? ሁለቱንም ተጠቅሜባቸዋለሁ፤ አድልዎዬንም አልደብቅም።

ለሰማዩ ዘይት ይሻላል። የቀለም ዱቄቱን የሚይዘው ማያያዣ አብዛኛውን ጊዜ የተልባ ዘይት ነው፤ የሚደርቀውም እየተነነ ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ሲጠጥር ነው። ስለዚህ ስስ ቅብ እንኳ ቀናት ይፈጅበታል። ይህ ዝግታ ለምሽት ሰማይ በረከት ነው፤ ብርቱካናማው ወደ ሐምራዊ፣ ሐምራዊው ወደ ውሃው ግራጫ የሚሻገርበትን ድንበር በብሩሽ ደጋግሞ ማለስለስ ይቻላል። አክሪሊክ ግን ያታልላል። ማያያዣው እርጥብ ሳለ ወተት ይመስላል፤ ሲደርቅ ስለሚጠራ ቀለሙ ጠቆር ይላል። ትናንት የበጠበጣችሁትን የሐይቅ ግራጫ ዛሬ መድገም ፈተና ነው። በዚያ ላይ ነፋስ ሲነሳ ገና ፓሌቱ (የቀለም መበጥበጫው ሰሌዳ) ላይ እያለ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ ያወጣል፤ ውሃ የሚረጭ ጠርሙስ ከአጠገባችሁ አይጥፋ።

ሸካራነት ላይ ሚዛኑ ወደ አክሪሊክ ያጋድላል፤ የሚከራከረኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቫን ጎግ ማሳውንም ሰማዩንም ያቆመው በወፍራም የዘይት ቀለም ነው ይሉኛል። እውነት ነው፤ በ1890 ሲሞት አክሪሊክ ገና አልተፈጠረም ነበር። በስፓቱላ (በቀለም መቀቢያ ቢላዋ) የተጎተተ የዘይት ቀለም ጠርዙ እንደቆመ ይቀራል፤ የአክሪሊኩ ግን ውሃው ሲተን ትንሽ ይሟሽሻል። ነገር ግን ወፍራም ዘይት ላዩ ደርቆ ውስጡ ለወራት እርጥብ ይሆናል። አንድ ጊዜ ከሐይቁ ዳር ከአሞራ ገደል በባጃጅ ስመለስ ግማሹ የታቦር ተራራ ከሸራው ወደ ሱሪዬ ተሻገረ፤ ሰማዩ ላይ የተጣበቁት ትንኞች ግን ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። አክሪሊክ ላይ ዛሬውኑ ደራርቦ መቀባት ይቻላል። ታጥቦ የተነፋ አሸዋም፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላል ድንጋይም ተፈጭቶና ተነፍቶ ቢቀላቀልበት አጥብቆ ይይዛል፤ የዋርካ ቅርፊትና የዳርቻ ድንጋይ ለመሥራት ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ስትገዙ ወፈር ያለውን አክሪሊክ ምረጡ፤ ቀጭኑ የስፓቱላን ዱካ አይዝም። ደማቅ ቢጫና ቀይ ከሚሰጠው ውድ ቀለም ከካድሚየም ስም ቀጥሎ «ሂዩ» የሚል ከተጻፈበት ቱቦው ውስጥ ያለው አስመሳዩ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ለመለማመጃ አይከፋም። ቱቦው ላይ የተጻፈውን የቀለም ዱቄቱን መለያም እዩ። ፒቢ 29 አልትራማሪን ሰማያዊ ነው። በአንድ ቱቦ ላይ ሦስት መለያ ከተደረደረ ከሌላ ቀለም ጋር ሲበጠበጥ ቶሎ ይደፈርሳል። ትልቁን ቱቦ ለነጭ አድርጉት፤ ሰማይና ውሃ ነጭ ይበላሉ። የግድግዳ ቀለም የሚያማልላችሁ ካላችሁ ተዉት።

ዘይት ሌላም ወጪ አለው፤ ቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ፣ ተጨማሪ የተልባ ዘይት፣ አየር የሚገባበት ክፍል። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልሎ መጣል አደገኛ ነው፤ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ዘርግቶ ማድረቅ ይገባል። ለአክሪሊክ ውሃና ሳሙና ይበቃል፤ ብሩሹ ላይ ከደረቀ ግን ብሩሹን ተሰናበቱት። ሸራው በሁለቱም ጄሶ፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባ ነጭ መነሻ ቅብ፣ ይፈልጋል፤ ለሕንፃ ልስን የሚሸጠውን ማለቴ አይደለም።

ሥዕሉን በሚቀጥለው ሳምንት ለሆቴል የሚያስረክብ ሰው አክሪሊክ ይግዛ። ጊዜ ያለው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ብርሃኑ የሚያጓጓው ዘይት ይግዛ። አቅሙ ከፈቀደ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት መያዝ ነው። እኔ አሁን ድንጋዩንና ዛፉን በአክሪሊክና በአሸዋ አቆማለሁ፤ በደንብ ሲደርቅ ሰማዩንና ውሃውን በዘይት እቀባበታለሁ። ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥም፤ በዘይት ላይ የተቀባ አክሪሊክ ውሎ አድሮ ይላጣል።