ሠርግ ወይስ ጓሳ?

ደብረ ብርሃን ተቀምጦ፣ ፎቶ ማንሳትን በራሱ ተምሮ፣ ዕድሜ ልኩን በዚሁ ሥራ ሊኖር ለሚያስብ ሰው ሁለት መንገድ ይታየኛል። ሠርግ ወይም ተፈጥሮ።

ሠርግ ቶሎ እንጀራ ይሆናል። ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ቅዳሜና እሁድ እረፍት የለም። በዓቢይ ጾም 55 ቀን ግን ሠርግ የለም፤ በጥር ወር የተገኘውን ብር ለዚያ መቆጠብ ግድ ነው። ትምህርቱም ብዙ ነው። ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ካሜራውን ያታልለዋል። ብርሃን የበዛ መስሎት ፎቶውን ያጨልመዋል። አንድ ስቶፕ ገደማ፣ ማለትም ብርሃኑን እጥፍ ያህል፣ መጨመር እንዳለብኝ የገባኝ የሙሽራዋ ቀሚስ ግራጫ ሆኖ ሲወጣ ነው። በጣም ነበር ያዘንኩት! ቀለበት የሚታሰርባት ቅጽበት አንዴ ካመለጠች አትመለስም።

የተፈጥሮ ፎቶ የሚነሳበት፣ የዱር እንስሳት የሚኖሩበት ደጋው መንዝ ጓሳ ግን ሌላ ነው። ጭላዳው ቀረብ ብሎ ይነሳል። ቀይ ቀበሮ ግን ረጅም ሌንስና ትዕግሥት ይፈልጋል። ጉም ሲወርድ የቀሚሱ ትምህርት እዚያም ይሠራል። የፎቶው ገዢ ግን ቶሎ አይመጣም።

ለጀማሪ ሠርግን እመክራለሁ። በጾሙ ጊዜ ደግሞ ጓሳ ውጡ። ብርድ ባትሪ ቶሎ ስለሚጨርስ መለዋወጫ ባትሪ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ።