ለወንድሜ ለተሟገተችለት ጠበቃ ምስጋናችን ይድረስ

ሰላም ወገኖች። ይህን የምጽፈው በእናቴ፣ በወንድሜና በራሴ ስም ነው። እዚህ አሜሪካ ቤተሰብ የታሰረባችሁ ሰዎች እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ወንድሜ ፌዴራል እስር ቤት ነው ያለው። መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ጠብ ተነሳና አንተም ተደባድበሃል ተባለ። የዲሲፕሊን ጉዳይ የሚሰሙት ኃላፊ ጥፋተኛ ብለው፣ በመልካም ጠባይ ከሚቀነስለት ጊዜ 27 ቀን ቆረጡበት። ይህ ቅናሽ በፌዴራል ሕግ በዓመት ቢበዛ 54 ቀን ነው። የዓመቱ ግማሽ በአንድ ክስ ሄደ ማለት ነው። ቀን እየቆጠረች ለምትኖር እናት ይሄ ቀላል አይደለም።

ብዙ ሰው "እስር ቤት የወሰነውን ማን ይሽረዋል?" ብሎን ነበር። ጠበቃችን ግን ገና ከመጀመሪያው "የውሳኔውን ወረቀት ላኩልኝ" አለች። መስመር በመስመር አነበበችው። ስለ ምስክር በሚናገረው ቦታ፣ "አልጠየቀም" በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጓል። ወንድሜ ደግሞ ጉዳዩ ከመሰማቱ በፊት የምስክሩን ስም ሞልቶ ያስገባበት ቅጽ ኮፒ እጁ ላይ አለ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ ስታሳየን እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራትም።

እሷ ግን ወዲያው አረጋጋችን። ፍርድ ቤት ጠቡን እንደ አዲስ አይመረምርም አለችን። በ1985 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለእንዲህ ዓይነቱ ቅጣት "የተወሰነ ማስረጃ" ካለ ይበቃል ብሏል፤ በዚያ በኩል ከሄድን እንሸነፋለን። የ1974ቱ የዎልፍና የማክዶኔል ውሳኔ ግን ሥርዓቱን ይመለከታል። ክሱ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ይድረሰው፣ ጸጥታ የማያደፈርስ ከሆነ ምስክር ያሰማ፣ ውሳኔው ከነምክንያቱ ይጻፍለት ይላል። "የኛ መያዣ ምስክሩ ነው" አለች።

የውስጥ ይግባኝ ሳይጨርሱ ፍርድ ቤት መሮጥ መዝገብ ያዘጋል። በ20 ቀን ውስጥ ለቀጠናው ዳይሬክተር፣ መልሱ ካላረካ በ30 ቀን ውስጥ ለዋናው መሥሪያ ቤት ይግባኝ ይባላል። ቀኖቹን ከኛ በላይ የምትጠብቀው እሷ ነበረች። ሄቢየስ ኮርፐሱን፣ ማለትም እስሩ ሕጋዊ መሆኑን ፍርድ ቤት እንዲመረምር የሚጠየቅበትን አቤቱታ፣ ያስገባችው ከዚያ በኋላ ነው። የመዝገብ መክፈቻው 5 ዶላር ነው። ለራሷ ድካም አንድ ሳንቲም አልተቀበለችም።

ዳኛው ሳይወስኑ እስር ቤቱ ራሱ ጉዳዩን እንደገና ልስማ አለ። ምስክሩ ቀረበ። ክሱ ተሰረዘ፣ 27ቱም ቀን ተመለሰ።

እህታችን፣ ፈጣሪ ውለታሽን ይክፈልሽ። ለእናቴ እያንዳንዱን ደብዳቤ በአማርኛ አስረድተሻታል፣ ደውላ ሳታነሺላት የቀረሽበት ጊዜ የለም። ደግሞ ተስፋ አትሸጪም፤ ይህን ነው ከሁሉ በላይ የወደድኩልሽ። የጓደኛዬን ጉዳይ አይተሽ "ጊዜው አልፏል" ብለሽ ቁርጡን ነግረሽዋል።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዳለች፣ አገናኛችኋለሁ። ስትልኩላት የውሳኔውን ወረቀትና ታሳሪው እጅ የገባበትን ቀን አትርሱ።