የአሮጌ ሪቮልቨር አፈሙዝ ማስቀየር፦ ዴንቨር አካባቢ ያገኘሁት ባለሙያ

ፍርዱን አስቀድሜ ልናገር። ሪቮልቨሬን የሠራልኝ ሰውዬ ጎበዝ ነው፣ ቀርፋፋ ነው፣ ስልክ አያነሳም። ሌላ ሪቮልቨር ቢበላሽብኝ ግን የምሄደው እሱ ጋ ነው።

ሽጉጡ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 10 ነው። .38 ስፔሻል ጥይት ስድስት ይጎርሳል። አሜሪካ ውስጥ ፖሊሱም ጥበቃውም ለብዙ አሥርት ዓመታት የታጠቀው እሱን ነው። ዘሩ ከ1899 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ሲሆን ሞዴል 10 የተባለው በ1957 ነው። የኔው ጡረታ ከወጣ የጥበቃ ሠራተኛ ወዳጄ የመጣ ነው። እዚህ ኮሎራዶ ሕጉ እንደሚያዘው ፈቃድ ባለው ሱቅ በኩል፣ የገዢውን የኋላ ታሪክ ማጣሪያ አልፎ ነው እጄ የገባው። ችግሩ አፈሙዙ መሐል ላይ አብጧል። አንዳንድ ጊዜ ባሩዱ ያነሰ ጥይት ይተኮስና የጥይቱ ጫፍ፣ እርሳሱ፣ ሳይወጣ ውስጥ ይቀራል፤ ተኳሹ ሳያውቅ ሁለተኛውን ይደግማል፤ ብረቱ እዚያው ቦታ ላይ ያብጣል። ሽጉጡን ባዶ አድርጋችሁ፣ ሲሊንደሩን (ጥይቶቹን የሚጎርሰውን ተሽከርካሪ) ከፍታችሁ፣ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ብታዩ ውስጡ ላይ ጥቁር ቀለበት ይታያችኋል። እንዲህ የሆነ አፈሙዝ አይጠገንም፣ ይቀየራል።

መቀየሩ ነው ጣጣው። እንደ ግሎክ ያለ ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ አፈሙዝ በእጅ ወጥቶ በእጅ ይገባል፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የሪቮልቨር ግን ፍሬሙ (የሽጉጡ ዋና አካል) ላይ እንደ ብሎን ተጠምዝዞ በኃይል የጠበቀ ነው። በዚያ ላይ ከ1982 በፊት የተሠሩት ስሚዞች አፈሙዙን ከላይ የሚያልፍ ትንሽ ፒን አላቸው። ፒኑ ሳይወጣ የጠመዘዘ ሰው ሽጉጡን ገደለው ማለት ነው። ዛሬ ባንኮኒ ጀርባ ከሚቆሙት ልጆች ብዙዎቹ ያደጉት በከፊል አውቶማቲክ ነው፣ የማነጣጠሪያ መነጽር መግጠምና ቃታ መቀየር ይችላሉ፣ ይህን ሥራ ግን አንድ ጊዜም ሠርተውት አያውቁም። አልፈርድባቸውም። የሚፈረድባቸው «አላውቀውም» ማለት ሲያቅታቸው ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ (ስሙ ይቅር) እንዲህ ያለ ነበር። ልጁ ሽጉጡን አገላብጦ «ቀላል ነው፣ ተወው» አለኝ። እንዴት እንደሚፈታው ጠየቅኩት። አፈሙዙን ሞርሳ ላይ አስሮ በፍሬሙ መስኮት፣ ሲሊንደሩ በሚቀመጥበት ክፍት ቦታ ማለት ነው፣ የመዶሻ እጀታ አስገብቶ ሊጠመዝዘው! ፍሬሙ እዚያ ጋ ቀጭን ነው። ትንሽ ከተጣመመ ሲሊንደሩ ከአፈሙዙ ጋር ዳግመኛ በቀጥታ አይገጥምም፣ መለያ ቁጥር ያለበት አካል ደግሞ ፍሬሙ ራሱ ነው። አመስግኜ ወጣሁ።

አሁን የማወራላችሁን ሰው የጠቆመኝ የተኩስ ቦታ ያገኘሁት አንድ ሽማግሌ ነው። ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው፣ የፌዴራል ፈቃዱን ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። አንድ ቶርኖ፣ አንድ ትልቅ ሞርሳ፣ በየፍሬሙ ልክ የተሠሩ መያዣዎች ያሉት፣ ፍሬሙ ሳይጣመም አፈሙዙን የሚያስፈታ የፍሬም ቁልፍ። ደስ ያለኝ ስለ ዋጋ ከማውራቱ በፊት መለካቱ ነው። ሲሊንደሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋ ጎተት እያደረገ ልቅነቱን በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካባቸው ስስ ብረቶች) ለካ። መጀመሪያ ይሄ ካልተስተካከለ አፈሙዙ ላይ የሚለካው ሁሉ ውሸት ነው አለኝ። ከዚያ ቃታውን በቀስታ እየሳበ ስድስቱም የጥይት ጉድጓድ በየተራ መስመሩ ላይ መቆሙን አየ። ቀጥሎ ልኩ የታወቀ ዘንግ በአፈሙዙ በኩል አስገብቶ ከእያንዳንዱ ጉድጓድ ጋር መገጣጠሙን ፈተነ። መርካቶ ሞተር የምናሳድስበትን ቶርኖ ቤት የምንመርጠው እንዲሁ አይደል፣ ከመፍታቱ በፊት የሚለካውን።

ከተቀየረ በኋላስ ሥራው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ሞዴል 10 የሚስተካከል ማነጣጠሪያ የለውም። የፊተኛው ማነጣጠሪያ ከአፈሙዙ ጋር አንድ ላይ ስለሆነ ጠምዝዛችሁ ስታጠብቁት ልክ ቀጥ ብሎ ካልቆመ ዕድሜ ልካችሁን ወደ ጎን ትተኩሳላችሁ። ቀጥ እንዲል የአፈሙዙ ትከሻ ቶርኖ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይላጋል። ሁለተኛ፣ በአፈሙዙ ጀርባና በሲሊንደሩ መሐል የሚቀረው ክፍተት ከ0.10 እስከ 0.20 ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት። ከጠበበ ጥላሸት ሲጠራቀም ሲሊንደሩ ይያዛል፣ ከሰፋ ደግሞ ጋዙና የእርሳስ ፍንጣሪው በጎን ይረጫል፣ አጠገባችሁ የቆመውን ሰው ጠይቁት። ሦስተኛ፣ እርሳሱ ከሲሊንደሩ ዘሎ የሚገባበት የአፈሙዙ ጀርባ እንደ ቅል አፍ ሰፋ ተደርጎ እንደገና ይቆረጣል። የኔን ክፍተት 0.15 ላይ አቆመው። ለክቶ አሳየኝ፣ ሳልጠይቀው።

አፈሙዙን ራሴ ነኝ የገዛሁት። ለድሮዎቹ ባለ ፒኖች አዲስ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ከተፈታ ሽጉጥ የወጣ ያገለገለ መፈለግ ነው፤ ኒውዮርክ ያለው ኑምሪክ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡት ትልቁ ነው ብል አልተሳሳትኩም። በፌዴራል ሕግ አፈሙዝ ብቻውን እንደ መሣሪያ ስለማይቆጠር በተራ ፖስታ ቤቴ መጣ። የክፍለ ሀገራችሁን ሕግ ግን እዩ። ስታዙም ቀጭኑንና ወፍራሙን አፈሙዝ እንዳታምታቱ።

ተኩሼ አየሁት። ወደ ጎን የሚስብ ነገር የለም፣ ፊቴ ላይ የሚረጭም የለም። ቃታውን አልነካውም፣ እንደነበረው ለስላሳ ነው።

አሁን ወደ ሚያናድደው እንምጣ። «ወር ገደማ» ያለው ወደ ሦስት ወር ተጎተተ። ስልክ ብትደውሉ አያነሳም፣ መልእክት ብትተዉ ከሳምንት በኋላ «እየሠራሁት ነው» ይላችኋል፣ እየሠራው አይደለም። ካርድ አይቀበልም፣ ቼክ ወይም ጥሬ ገንዘብ ነው። ለእጁ 200 ዶላር ገደማ ከፈልኩ፣ አፈሙዙ ሌላ። ተደምሮ ያገለገለ ሞዴል 10 ሊገዛ ትንሽ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ሽጉጡ ለናንተ የተለየ ትርጉም ከሌለው ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ ሌላ ግዙ። እኔ የወዳጄን ነገር መጣል ስላልፈለግኩ ነው።

ወረቀቱን በሚመለከት ቅሬታ የለኝም። ሲቀበለኝ መታወቂያዬን አይቶ መለያ ቁጥሩን መዝገቡ ላይ ጻፈ፣ ሲመልስልኝም ፈረመ። መሣሪያችሁን ይዞ አሳድሮ መዝገብ የማያወጣ ሰው ካጋጠማችሁ ወዲያው ተመለሱ። የራሳችሁን ሽጉጥ ስትረከቡ አዲስ ማጣሪያ አያስፈልግም፣ ይህን የማያውቅ ባለ ሱቅም አለ፣ አትከራከሩት፣ ሌላ ፈልጉ።

ከኮሎራዶ ውጭ ያላችሁ የምታገኙትን ባለሙያ የት እንደተማረ ጠይቁት። እዚሁ ደቡብ ያለው ትሪኒዳድ ስቴት ኮሌጅ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ይህንን ሙያ ያስተምራል፣ ከዚያ የወጡት በየቦታው አሉ። ቀጥሎ የፍሬም ቁልፉን ያሳያችሁ። ከሌለው ወሬው አለቀ።

እኔ ጋ ያላችሁ ደግሞ በኦክቶበርና በኖቬምበር አትሂዱ። ያን ጊዜ ጋራዡ በኤልክ (ትልቅ አጋዘን) አዳኞች ጠመንጃ ይሞላል፣ የናንተ ሪቮልቨር ከሁሉም ሥር ነው የሚቀመጠው።