በለንደን ለውሻ ፀጉር አስተካካይ ረዳቶች የሚሰጥ የጤናና የደኅንነት ሥልጠና

በእንግሊዝ አገር የውሻ ፀጉር አስተካካይ ሆኖ ለመሥራት ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ የለም፤ ገንዳና መቀስ ያለው ሁሉ ሱቅ ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ ረዳት ሆኖ የሚጀምር ሰው የሚማርበትን ቦታ በጥንቃቄ መምረጥ አለበት። በደቡብ ለንደን በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የተከታተልኩት ሥልጠና ከባድ ጉድለት ቢኖርበትም፣ ዋናውን ነገር በሚገባ ያስተምራል።

ዋናው ነገር ውሻው ከመታጠቡ በፊት የሚደረገው ፍተሻ ነው። ሠልጣኙ ከአፍንጫ እስከ ጅራት በእጁ እየዳሰሰ ጆሮው መቅላቱንና መሽተቱን፣ ፀጉሩ በክብ የረገፈበት ቦታ መኖሩን፣ ከፀጉሩ ሥር ጥቁር ብናኝ መታየቱን ያጣራል። ብናኙ በረጠበ ነጭ ወረቀት ላይ ተደርጎ ወደ ቀይ ቡናማ ከተለወጠ የቁንጫ ኩስ ነው። በክብ የረገፈው ፀጉር ደግሞ ጭርት ሊሆን ይችላል፤ ጭርት ወደ ሌሎች ውሾችም ወደ ሰውም ስለሚተላለፍ ሥራው ይቆማል፣ መሣሪያውም በፀረ ተሕዋስያን ይጸዳል። ረዳቱ ግን የበሽታ ስም አይሰጥም፤ የ1966ቱ የእንስሳት ሐኪሞች ሕግ በሽታ መለየትን ለሐኪም የተወ በመሆኑ፣ ያየውን መዝግቦ ለኃላፊው ያሳውቃል። ውሻን በግቢ ጠባቂነት ብቻ እያየን ላደግን ሰዎች ይህ የዳሰሳ ልምምድ እጅግ ጠቃሚ ነው።

የ2006ቱ የእንስሳት ደኅንነት ሕግም እንዲሸመደድ ብቻ አልተሰጠም፤ እንስሳን ለጊዜው እንኳ የተረከበ ሰው ተጠያቂ መሆኑ ውሻው ላዩ ቆሞ ፀጉሩ ከሚስተካከልበት ጠረጴዛ ሥራ ጋር ተያይዞ ተብራርቷል።

ቅር ያሰኘኝ የማድረቂያው ትምህርት ነው። ውሻ ሙቀቱን በዋናነት የሚያስወጣው በማለክለክ ስለሆነ፣ እንደ ፐግና ቡልዶግ ያሉ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ውሾች በሞቃት አየር በቀላሉ ይታፈናሉ። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ 41 ሲደርስ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ለዚህ ሁሉ የተሰጠን አጭር ጽሑፍ ብቻ ነው፤ በተግባር ያደረቅናቸው ውሾች ሁሉ አፍንጫቸው ረዘም ያለና እርጋታ ያላቸው ነበሩ። ረዳት በሥራው መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚመደበው በማጠቢያውና በማድረቂያው ስለሆነ፣ ይህ ጉድለት ሊታለፍ አይገባም።

ስለዚህ ለመመዝገብ ያሰበ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት፣ አፍንጫው የተደፈጠጠ ወይም የማድረቂያ ድምፅ የሚፈራ ውሻ በአስተማሪ ፊት ያደርቅ እንደሆነ ይጠይቅ።